ፋን ፊክሽን ከመለጠፉ በፊት፦ የፊደል ጽዳትና የእርማት ማስታወሻ ከድሬዳዋ

ጥር፣ ሁለተኛው ሳምንት — ርክክብ

ድርሰቱ ፋን ፊክሽን ነው፤ አንባቢ ሌላ ደራሲ ከጻፈው ታሪክ ተነሥቶ የሚጽፈው ልብወለድ። የጻፈችው የአክስቴ ልጅ ናት። ሁላችንም ባነበብነው አንድ የድሮ ልብወለድ ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ ብቅ ብላ የምትጠፋ የቤት ሠራተኛ አለች። መጨረሻዋን ደራሲው አይነግረንም። የአክስቴ ልጅ እሷን ከዚያ ቤት አውጥታ፣ በ1922 ዓ.ም. ባቡር አሳፍራ ድሬዳዋ አመጣቻት። ዘጠኝ ምዕራፍ ወጥቶታል። ታሪኩ ይዞ ይሄዳል። ጽሑፉ ግን ገና ነው። እኔ የተረከብኩት ከዚህ እስኪለጠፍ ድረስ ያለውን ሥራ ነው። ፊደሉን ማጽዳት፣ ማረም፣ ፎርማት ማድረግ፣ መጫን።

የሚወጣው አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን ላይ ነው። ለትርፍ ያልቆመ፣ ማስታወቂያ የሌለው፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ የፋን ፊክሽን ማኅደር ነው። ለሕዝብ የተከፈተው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። አካውንት ለመክፈት ግብዣ ጠይቆ ወረፋ መጠበቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድም ፋይል ሳልነካ መጀመሪያ ግብዣውን ጠየቅሁ። ወረፋው ይሂድ፣ እኔም ልሥራ።

ፋይሎቹ የመጡት ከሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጽሕፈት ቤት የተተየቡ ናቸው፣ ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መተየቢያ። መካከለኞቹ በስልክ ተጽፈው ቴሌግራም ላይ የተቀመጡ ናቸው። የመጨረሻዎቹ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚጋራው የፊደል ቁጥር፣ የተጻፉ የወርድ ፋይሎች ናቸው። ሁሉንም እንዳሉ «ጥሬ» የሚል ፎልደር ውስጥ አስገባሁና ዘጋሁት። እዚያ ውስጥ ምንም አይነካም። ሥራው ሁሉ በቅጂ ላይ ነው። «01-ጸድቷል»፣ «01-ታርሟል» እያልኩ በደረጃ ስም አወጣሁላቸው። ይህ ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ነገር ሲበላሽ የሚመለሱበት ቦታ ያለው እዚህ ብቻ ነው።

ጥር፣ ሦስተኛው ሳምንት — የድሮው ፎንት

በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈው ምዕራፍ እኔ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የድሮ ፎንቶች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ ነው። ፎንቱ ካለ አማርኛ ይታያል፣ ከሌለ አይታይም። ስልክ የያዘ አንባቢ ደግሞ ያ ፎንት የለውም።

መቀየሪያ ፕሮግራም ተጠቀምኩ። አብዛኛውን አስተካክሎ አወጣው። ችግሩ የቀረው እነ ቋ፣ ኳ፣ ጓ፣ ሟ፣ ኗ ላይ ነው። አንድ የድሮ ፎንት ያለው ቦታ 256 ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ ፎንት ሠሪዎቹ ፊደሉን ለሁለት ፋይል ይከፍሉት ወይም ከቁርጥራጭ ይገጣጥሙት ነበር። መቀየሪያው የሚሳሳተው እነዚህ መጋጠሚያዎች ላይ ነው። «ቋንቋ» ግማሹ ጠፍቶ መጣ። «ሟች» ሌላ ቃል ሆኖ መጣ።

የተሞከረው መጀመሪያ በፍለጋ ማግኘት ነበር። አልሠራም። የተበላሸው ፊደል አንዳንዴ ትክክለኛ ሌላ ፊደል ስለሚመስል ፍለጋው አያገኘውም። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ ድሮ ያሳተመችውን ወረቀት አመጣች። መስመር በመስመር ከወረቀቱ ጋር አመሳከርን። ሁለተኛው ምዕራፍ በጣም ስለተጎዳ ኪይማን ላይ ባለው የአማርኛ ኪቦርድ እንደ አዲስ ተየብኩት። ብዙ ቦታ የተበላሸ ምዕራፍ ካለ እንደ አዲስ መተየብ ከማመሳከር ይፈጥናል። ይህን አሁን በርግጠኝነት እናገራለሁ።

በቀን መሥራት ከባድ ነው። ጥርም ቢሆን ከሰዓት በኋላ የድሬ ሙቀት ላፕቶፑን ያግለዋል። መብራትም ይሄዳል። ጠዋት በማለዳ እና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ነው ሥራው የሚገፋው።

ጥር መጨረሻ — ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ

ብዙ ሰዓት የበላው ይህ ነው። ብዙ ሰውም ይህን አያውቅም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

አራት ነጥብ (።) በዩኒኮድ የራሱ ቁጥር አለው፣ 1362። ሁለት ነጥብ (፡) ደግሞ 1361 ነው። በዓይን ሲታይ ሁለት ጊዜ የተመታ ሁለት ነጥብ (፡፡) እና አንድ አራት ነጥብ (።) አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒውተር ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ፕሮግራም ዓረፍተ ነገር የት እንዳለቀ የሚያውቀው በአራት ነጥብ ነው። «፡፡» ሲያይ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሱን አያውቅም። ፍለጋም አያገኘውም። በስልክ የተጻፉት ምዕራፎች ሞልተውበታል። ከላቲን ኪቦርድ የመጣ «::»ም አለ። መሃሉ ላይ ክፍተት የገባበት «፡ ፡»ም አለ።

መሣሪያው ሊብሬኦፊስ ራይተር ነው። ነጻ ነው። ፈልጎ መተኪያው ውስጥ «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን» (አንድን ቃል ብቻ ሳይሆን የፊደል ቅርጽን መፈለጊያ) የሚለውን ምልክት ማብራት ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። የሠራልኝ ቅደም ተከተል ይህ ነው።

መጀመሪያ «፡-» እና «:-» ወደ «፦» ይቀየራሉ። ቀጥሎ «፡፡»፣ «፡ ፡» እና «::» ወደ «።» ይሄዳሉ። ነጠላውን የላቲን ሁለት ነጥብ ግን በጅምላ አልነካሁም። «2:30» የሚል ሰዓት አለ። የላቲን ኮማም እንዲሁ። «1,000 ብር» የሚለው ውስጥ ያለው ኮማ ነጠላ ሰረዝ መሆን የለበትም። ስለዚህ ኮማውን አንድ በአንድ እያየሁ ወደ «፣» ቀየርኩት።

ከዚያ ክፍተት። ድርብ ክፍተት ወደ ነጠላ። ከ«።» እና ከ«፣» በፊት ያለ ክፍተት ይጠፋል። ከጥያቄ ምልክትና ከቃለ አጋኖ በፊት ያለውም እንዲሁ። ከነጥብ በኋላ ክፍተት ለሌለበት ቦታ ደግሞ የፍለጋው ሣጥን ውስጥ ይህን መጻፍ ነው፦

([።፣፤])([ሀ-ፚ])

የመተኪያው ሣጥን ውስጥ ይህን፦

$1 $2

ይህ «መጣ።ሄደ» የሚለውን «መጣ። ሄደ» ያደርገዋል። ከነጥቡ ቀጥሎ የትእምርተ ጥቅስ መዝጊያ ካለ አይነካውም፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ቅንፍ የሚፈልገው ፊደል ብቻ ነው። በወርድ የሚሠራ ሰው ዋይልድካርድ የሚለውን አብርቶ መተኪያው ላይ \1 \2 ይጻፍ።

የካቲት፣ መጀመሪያ — የፊደል ሰነድ

ፊደል ማረሚያውን አጠፋሁት። አንድ የአማርኛ ግሥ ከፊትና ከኋላ እየተቀጠለበት ስንት መልክ ይኖረዋል? ማረሚያው ትክክለኛውንም በቀይ ያሰምርበታል። ዓይን ቀዩን ሲለምድ ደግሞ እውነተኛውን ስሕተትም ያልፋል።

በምትኩ የፊደል ሰነድ ከፈትን። ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ነው። በግራ የተገኘው አጻጻፍ፣ በቀኝ የተመረጠው። ሥራ፣ ዓለም፣ ፀሐይ፣ ዕቃ፣ ሐዘን፣ ሦስት፣ ሐረር። ድሬዳዋ አንድ ቃል እንዲሆን ወሰንን። ስለ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ስለ ሰ፣ ሠ ሰው ሁሉ የራሱ አቋም አለው። እኔ ክርክር ውስጥ አልገባም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፣ አንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ቃል በአንድ መንገድ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የገጸ ባሕርይ ስም። ለፍለጋ ሰ እና ሠ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። የዋናዋ ስም አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ከተጻፈ ፈላጊው ግማሹን ምዕራፍ አያገኘውም።

«ሁሉንም ተካ» የሚለውን ቁልፍ እዚህ ላይ አይንኩት። «ስራ»ን በጅምላ ወደ «ሥራ» ስንቀይር «እስራኤል» «እሥራኤል» ይሆናል። «እስራት»ም ይነካል። «አለም»ን ወደ «ዓለም» ስንቀይር «አለምክንያት» የሚለው «ዓለምክንያት» ሆኖ ይወጣል። አንድ በአንድ እያዩ «ቀጣይ» እያሉ መሄድ ነው። አሰልቺ ነው። ሌላ መንገድ ግን የለም።

አንድ ቦታ ላይ የአክስቴ ልጅ ተከላከለች። «እትዬ፣ የመጋላዋን ሴትዮ ንግግር አትንኪብኝ» አለች። ልክ ናት። መጋላ ገበያ ያለችው ሻጭ የምትናገረው የድሬ አማርኛ ነው፤ ኦሮምኛና ሶማልኛ ጣል ጣል ይልበታል። «አቦ» ትላለች። እሱን ወደ መጽሐፍ አማርኛ ማምጣት ሴትዮዋን መግደል ነው። ሰነዱ ላይ አዲስ ዓምድ ተጨመረ፣ «በንግግር ውስጥ አይነካም» የሚል። ተራኪው አንድ ወጥ አጻጻፍ ይከተላል። ተናጋሪው እንደ አፉ ይናገራል።

የካቲት፣ ሁለተኛው ሳምንት — ጥቅስና ጋደል ያለ ፊደል

ንግግሩ አንዳንድ ቦታ በላቲን ጥቅስ፣ አንዳንድ ቦታ በሰረዝ፣ አንዳንድ ቦታ ምንም ምልክት ሳይኖረው ነበር። ሁሉም ወደ « » መጣ። በንግግር ውስጥ ያለ ንግግር ‹ › ሆነ። ተናጋሪ በተቀየረ ቁጥር አዲስ አንቀጽ። ሰባተኛው ምዕራፍ ላይ ሦስት ሰዎች በአንድ አንቀጽ ይነጋገሩ ነበር። ሲበተን ማን ምን እንዳለ ጸሐፊዋም ራሷ ለአንዱ መስመር ቆም ብላ አሰበች። ያ መስመር «አለች» ተጨመረበት።

ሐሳብን በኢታሊክ ማሳየት የእንግሊዝኛው ፋን ፊክሽን ልማድ ነው። እሷም ተከትላዋለች። ግን ለእኛ ፊደል የተሠራ እውነተኛ ኢታሊክ የለም ማለት ይቻላል። ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን ፊደል በግድ ያጋድለዋል። በትንሽ ስክሪን ላይ የሳድስና የሣልስ ልዩነት ይደበዝዛል። ስለዚህ ኢታሊኩ በሙሉ ወጣ። ሐሳብ በ‹ › ገባ። ደብዳቤዎቹ ገባ ብለው እንዲቀመጡ ብሎክኮት ተደረገላቸው። ለትዕይንት መለያ ያስገባቻቸው ሦስት ኮከቦች አግድም መስመር ሆኑ።

ለማየት የተጠቀምኩት ፎንት ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ነው። ከአቢሲኒካ ጋርም አነጻጽሬዋለሁ። ጽሑፉን በሁለት ፎንት ማየት ዓይን የለመደውን ስሕተት ያወጣል። ሁለተኛው ላይ ብቻ ያየኋቸው የ«ለ» እና የ«ሰ» መምታታቶች ነበሩ።

የካቲት፣ ሦስተኛው ሳምንት — በጆሮ ማረም

ማይክሮሶፍት ኤጅ ብራውዘር ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ መሣሪያ አለው። ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት፣ መቅደስና አምሃ። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ምዕራፉን በብራውዘር ከፍቼ መቅደስን አስነበብኳት። እኔ በወረቀቱ ላይ በጣቴ እከተላለሁ።

ይህ ከጠበቅሁት በላይ ሠራ። ዓይን «እየየ» የሚለውን «እያየ» ብሎ ያነበዋል። ማሽኑ ግን የተጻፈውን ነው የሚለው። የተደገሙ ቃላት፣ የጎደለ «ን»፣ የተዋጠ «በ»፣ ሁሉም ጆሮ ላይ ይወድቃሉ። «፡፡» ሁሉ ወደ «።» የተቀየረ መሆኑም እዚህ ዋጋ አገኘ። ድምፁ በየዓረፍተ ነገሩ ያርፋል።

ሌላም ነገር አሳየን። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ማሽኑ ይገምታል። አንዳንዴ ይሳሳታል። ሲሳሳት ዝም ብዬ አላለፍኩም። አንባቢውስ እዚህ ይሳሳት ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። አምስተኛው ምዕራፍ ላይ «ነገ ይመታል» የሚል አለ። መቺ ነው ተመቺ? ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገር አይለይም። «ነገ ዱላ ይቀምሳል» ተባለ፤ ተፈታ። እንዲህ ያሉ ቦታዎች ብዙ አይደሉም። የሚወድቁት ግን ታሪኩ በሚዞርባቸው መስመሮች ላይ ነው። ስለዚህ መፈለጉ ተገቢ ነው።

የካቲት መጨረሻ — ወረቀትና ሠፈር

ከዚራ ሠፈር አንድ ማተሚያ ቤት ሄጄ አሳተምኩት። ገጹ 5 ብር፣ 58 ገጽ፣ 290 ብር። መስመሩን ሰፋ አድርጌ ስላተምኩ ነው ገጹ የበዛው። ለእስክሪብቶ የሚሆን ቦታ ካልተተወ ወረቀት ማሳተሙ ትርጉም የለውም።

ወረቀቱን የሰጠሁት ለጎረቤታችን ለጋሼ ነው። በምድር ባቡር ዕድሜያቸውን የሠሩ ሰው ናቸው። ፋን ፊክሽን ምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው። «እንግዲህ የጎደለውን መሙላት ነዋ» አሉና መነጽራቸውን አደረጉ። ከዚህ የተሻለ ቤታ ሪደር (ከመለጠፉ በፊት አንብቦ አስተያየት የሚሰጥ ሰው) አላገኝም። በእስክሪብቶ እየጻፉ መለሱልኝ።

የመጀመሪያው እርማት ባቡሩ ነው። ድርሰቱ ውስጥ ልጅቷ ከአዲስ አበባ ማታ ተሳፍራ በነጋታው ጠዋት ድሬዳዋ ትደርሳለች። «አቦ! በዚያን ጊዜ ሌሊት የሚሄድ ባቡር ከየት አመጣችሁ ልጄ?» አሉኝ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ መደበኛው ባቡር የሚሄደው በቀን ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ አዋሽና ድሬዳዋ ያድራል። ስለዚህ ልጅቷ አዋሽ ማደር አለባት። የአክስቴ ልጅ ተቀመጠችና የአዋሽን ሌሊት ጻፈች። አሁን ከምዕራፎቹ ሁሉ ጥሩው እሱ ነው። ልጅቷ መመለስ የምትችልበት የመጨረሻ ሌሊት ሆነ።

ሁለተኛው ደቻቱ ነው። በጥር ወር ልብስ ታጥብበታለች። ደቻቱ ከዚራንና መጋላን የሚለይ ወንዝ ነው፤ ግን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ውኃው የሚመጣው ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው፣ ሲመጣ ደግሞ ድንገት ነው። የ1998ን የሐምሌ መጨረሻ ጎርፍ ያየ ድሬ ውስጥ ያለ ሰው ይህን መስመር አያልፈውም። ትዕይንቱ ወደ ጉድጓድ ውኃ ተቀየረ። ደረቁን ወንዝ ተሻግራ መጋላ ገበያ ትሄዳለች። ያ ከዚያኛው ይበልጣል።

ሦስተኛውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ የጋሼን ካየሁ በኋላ ሁሉንም ዓመት ስፈትሽ። በጥር 1922 አንድ ነጋዴ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ይላል። በዚያ ወር ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በሕይወት አሉ፤ ያረፉት መጋቢት 24 ነው። ተፈሪ በ1921 ንጉሥ ተብለዋል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት ጥቅምት 23 ቀን 1923 ነው። «ንጉሥ ተፈሪ» ተባለ። ከዚህ በኋላ የጊዜ ሠንጠረዥ ሠራን። በየምዕራፉ ወሩ፣ ወቅቱ፣ ገንዘቡ። የምትከፈለው በጠገራ ብር መሆኑም እዚያ ተረጋገጠ።

መጋቢት፣ መጀመሪያ — ፎርሙ

ግብዣው መጥቷል። የማኅደሩ መለጠፊያ ፎርም ላይ የግድ የሚሞሉ ቦታዎች አሉ፦ የዕድሜ ደረጃ፣ ማስጠንቀቂያ፣ የመነሻው ሥራ፣ ርእስ፣ ቋንቋ። ድርሰቱ ውስጥ ድብደባ አለ፣ መጨረሻውም ላይ ሞት አለ። ሁለቱም በማስጠንቀቂያው ገቡ። የአክስቴ ልጅ ሞቱን አስቀድሞ መናገር ከብዷት ነበር። ግን እዚያ ያለ አንባቢ የሚመርጠው በዚያ መስመር ነው። የሚጎዳውን ነገር ሳያውቅ እንዲገባ ማድረግ አይገባም።

ታጎቹ (አንባቢ ሥራውን የሚያገኝባቸው መለያ ቃላት) የሚለያዩት በላቲን ኮማ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ብቻ «፣» አይጻፍም። ማጠቃለያው እስከ 1250 ሆሄ ይፈቅዳል። እኛ በአራት ዓረፍተ ነገር ጨረስነው።

በደራሲዋ ማስታወሻ ላይ የመነሻውን ልብወለድና የደራሲውን ስም አስቀመጥን። የእኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድርሰት መብት ደራሲው በሕይወት እያለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ ከልብወለዱ እንዳለ የተወሰደ ነገር እንዳይኖር ምዕራፎቹን ከመጽሐፉ ጋር አስተያየሁ። ስድስተኛው ላይ ያለው ሕልም ለመጽሐፉ በጣም ይቀርባል። በራሷ ቃል እንደ አዲስ ጻፈችው። ለገንዘብ አይውልም። ማኅደሩም ንግድን አይፈቅድም።

መጋቢት፣ ሁለተኛው ሳምንት — መጫን

ከራይተር ቀጥታ ገልብጦ ማኅደሩ ላይ ሪች ቴክስት በሚለው ሣጥን ውስጥ መለጠፍ ሞከርኩ። ባዶ አንቀጾች በየመሃሉ ገቡ። ስለዚህ ሌላ መንገድ። ጽሑፉን መጀመሪያ ኖትፓድ ላይ፣ ከዚያ ኤችቲኤምኤል በሚለው ሣጥን ውስጥ። በባዶ መስመር የተለየውን ራሱ አንቀጽ ያደርገዋል። አግድም መስመሩና ብሎክኮቱ ብቻ በእጅ ገቡ።

በድራፍት የተቀመጠ ሥራ አንድ ወር ገደማ ብቻ ነው የሚቆየው። ከዚያ በራሱ ይሰረዛል። ስለዚህ ዋናው ቅጂ ሁልጊዜ ኮምፒውተሬና ፍላሽ ላይ ነው።

ከመለጠፉ በፊት «ፕሪቪው»ን በስልክ ከፈትን። በእኔ ስልክ፣ በእሷ፣ በጋሼ አሮጌ ስልክ። በጋሼ ስልክ ላይ አንቀጾቹ ረዝመው ስክሪኑን ይሞሉታል። ሦስተኛውና ስምንተኛው ምዕራፍ ላይ ረጃጅሞቹን ለሁለት ከፈልናቸው። ሁለት ቦታ ደግሞ «፡፡» ተርፏል። ሁለቱም ያሉት ዘግይቶ በስልክ በተጨመረው በአዋሽ ሌሊት ውስጥ ነው። ጽዳቱ ካለቀ በኋላ የሚገባ አዲስ አንቀጽ ሁሉ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ማለፍ አለበት። ይህ የፊደል ሰነዱ አናት ላይ ተጻፈ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምዕራፎች ተለጥፈዋል። የቀሩት በየሳምንቱ ዓርብ ማታ አንድ አንድ እየሆኑ ይወጣሉ። የመተኪያዎቹን ቅደም ተከተልና የፊደል ሰነዱን ለብቻ ባዶ ፋይል ላይ አስቀምጬዋለሁ። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ሐረር ላይ የምትጽፈውን ልካለች። አሥራ አንድ ምዕራፍ ነው፣ ሁሉም በስልክ የተጻፈ። ነገ ጠዋት ከ«፡-» እጀምራለሁ።